አርባ አምስትም ይበቃል

ጥቅምት 8

ጠዋት ባንኩ ያለበት ሕንፃ። ሊፍቱ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ቀጥ ብሏል። ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነሻንጣው። "አየር አለቀብኝ!" ይላል። አየር መች ያልቃል... በሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። ባትሪ በክፍተቱ በኩል ቀልድ ሲነግረው ቆየ። ባትሪ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይኼን ያህል ዘመን አብረን ስንጠግን ደክሞት አይቼው አላውቅም፤ አፉም እንደዚያው።

ችግሩ የበሩ መቆለፊያ። አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ አልገጥም ብሏል። ጠረግን፣ አስተካከልን፣ ወረደ። ሰውዬው ምስጋና የለ ምን የለ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ውልቅ።

ባለቤቴም የራሷን ጉድ ይዛ ገባች። መኪና መንዳት ነው የምታስተምረው። አንዱ ተማሪዋ ወደ ኋላ ሂድ ብትለው ወደ ፊት ሄዶ የቆሻሻ ገንዳ ስሞ መጣ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው።

ነገ የኔ የዘር ፍሬ ምርመራ ውጤት ነው። ልጅ ፍለጋ ስድስት ዓመት ሙሉ የተመረመረችው እሷ ናት። ደም፣ አልትራሳውንድ፣ ያ የሚያሳምመው የማህፀን ቱቦ ራጅ... እኔን አንድም ሐኪም "አንተስ?" ብሎኝ አያውቅም። እኔም ሞተር ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ ሰውዬ ምን እሆናለሁ ብዬ? መጀመሪያ "ባልየው የታለ?" ያለችው ይቺ አዲሷ ዶክተር ናት።

እንግዲህ ይለይለታል።

ጥቅምት 9

ጥቂት ናቸው አለች ዶክተሯ። በጣም ጥቂት። በሚሊዮን መቆጠር ሲገባቸው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ... ግን አሉ። ይንቀሳቀሳሉም።

ከዚያ ባለቤቴ፣ "እንግዲያው እኔ አይደለሁማ?" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። እኔ ሳቄ መጣ። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። ዶክተሯ ሳቀች፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ስድስት ዓመት ተሸክማው ኖራለች። አጠገቧ ተኝቼ እንዴት አላየሁትም?

መፍትሔ አለው ተባልን። ከጥቂቶቹ አንዱን መርጠው፣ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ያስገቡታል። አንድ ጤነኛ ይበቃል።

"በሉ እንጀምራ!" አልኩ።

"አይሆንም። መጀመሪያ ደምህ ይታያል። ክሮሞዞምህ።"

"መንገዱ ካለ ምን ያደርጋል?"

"ቁጥሩ እንዲህ የወረደ ወንድ ሲመጣ ምክንያቱ አንዳንዴ እዚያ ነው ያለው። ሳላውቅ ብጀምር ችግሩን ራሱን በመርፌ ቀድቼ እንቁላል ውስጥ ላስገባው እችላለሁ።"

ልከራከር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ሊፍት ቆሞ፣ ባለሕንፃው 'ዝም ብለህ አስነሣው' ሲልህ ምን ትለዋለህ?"

መጀመሪያ ለምን እንደቆመ ልይ ነው የምለው። ከስንቱ ባለሕንፃ ጋር ተጣልቼበታለሁ።

ጥቅምት 11

ደም ሰጠሁ። ነርሷ "መርፌ ትፈራለህ እንዴ?" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሊፍት ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥዬ የምውል ሰው...

ፈርቼ ነበር።

ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ሴሎቹን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው ነው የሚያዩዋቸው አሉ።

ጥቅምት 24

ባትሪ ነቃብኝ። "ምን ሆነሃል? መፍቻ ስልህ መዶሻ ታቀብለኛለህ።"

ነገርኩት። ሁሉንም። ዝም ይላል ብዬ ነበር። ዝምታን የት ያውቃትና!

"ነጭ ሽንኩርት ብላ። ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። የአክስቴ ባል በሱ ነው..."

"የአክስትህ ባል ክሮሞዞሙ ታይቶ ነበር?"

"ክሮ... ምን?"

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ብሆን ለሰው አልናገርም ነበር" አለኝ። ለምን? ጥርሴን ቢያመኝ አልናገርም? ይኼም የሰውነቴ ክፍል ነው። ያፈርኩበት ነገር ካለ ይኼን ያህል ዓመት እሷን ብቻ ወንበር ላይ ማስቀመጤ ነው።

ከምሳ ሲመለስ ነጭ ሽንኩርት በላስቲክ ቋጥሮ አመጣልኝ። በላሁ። ምን አለበት። ባለቤቴ "አልጠጋህም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንዲህ ከሆነ ልጁ በየት በኩል ሊመጣ ነው?

ኅዳር 6

አርባ አምስት።

ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞም አለው። እኔ አርባ አምስት።

ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ወደኛ አዞረችው። ዥንጉርጉር ትናንሽ ትሎች የመሰሉ ነገሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰልፈዋል። አሥራ ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ ብቻውን። አሥራ አራተኛው ላይ ሁለት አሉ፣ ግን አንዱ ረዝሟል። "እዚህ ጋ ሁለቱ ተጣብቀዋል" አለች በእስክሪብቶ እያሳየች።

"ጎደሎ ነኝ ማለት ነው?"

"ምንም አልጎደለህም። የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ከሺህ ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ብዙው ሳያውቀው አርጅቶ ይሞታል።"

ጤናዬን አይነካም። የሚያስቸግረው ዘር ሲሠራ ነው። እያንዳንዱ ዘር ግማሽ ግማሹን ይዞ መውጣት አለበት፤ ሲከፋፈሉ የተጣበቁት ሥራውን ያመሰቃቅሉታል። አንዱ ተርፎት ይወጣል፣ አንዱ ጎድሎት። ብዙዎቹ ጨርሶ ሳይሠሩ ይቀራሉ።

ባለቤቴ፦ "የተረፈው ወይም የጎደለው እንቁላል ውስጥ ቢገባስ?"

"አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ አይቆይም። በጊዜ ይወርዳል።"

ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። ያ ከሁለት ዓመት በፊት ይዛው የነበረው... ሦስት ወር ሳይደፍን የወረደው። ያኔ ሰው ሁሉ አንድ አፍ ነበረው፤ መኪና ውስጥ መዋሏ ነው፣ መንገጫገጯ ነው። እናቴ ሳትቀር "ሥራውን ተይው ብዬሽ ነበር" ብላታለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መሪ አልነካችም።

"ያ ፅንስ ስላልተመረመረ እርግጠኛ ሆኜ በዚህ ነው አልልም" አለች ዶክተሯ። "መኪና ስላንገጫገጨሽ ግን አልወረደም።"

"አንዴ ይድገሙልኝ" አለች ባለቤቴ።

ደገመችላት።

ወደ ቤት የነዳችው እሷ ናት። መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ ሁሉ ሳትቀንስ አለፈችው። አናቴ ጣሪያ መታ።

ኅዳር 8

ዶክተሯ "ከወላጆችህ ከአንዳቸው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ ይወቀው" ብላለች። አባቴ የለም። ያለችኝ እናቴ ናት።

"ንገራታ" ትላለች ባለቤቴ።

"እንዴት ብዬ?"

"ለኔ እንደነገርከኝ።"

"ላንቺ ዶክተሯ ናት የነገረችሽ።"

"አትቀልድ።"

እሺ። እሑድ።

ኅዳር 10

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ያቺን ወንበሯን ይዛ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ጎኗ ቁጭ አልኩ። ማድበስበስ አልወድም።

"እማዬ፣ ልጅ የጠፋው በሷ አይደለም። በኔ ነው።"

ሬዲዮውን ቀነሰች። "ማነው ያለ?"

"ሐኪም።"

"ሐኪም ሁሉን ያውቃል? በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም። አጎቶችህን ቁጠር፣ አክስቶችህን ቁጠር። ቤታቸው ልጅ በልጅ ነው።"

"አንቺ ጋ ግን እኔ ብቻ ነኝ።"

አመለጠኝ። ቃሉን መልሼ ብውጠው በወደድኩ። አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ተቀይማለች ብዬ ልነሣ ስል፣

"ብቻህን አልነበርክም" አለች።

ከኔ በፊት ሦስት እርግዝና። ከኔ በኋላ ሁለት። ሁሉም ሳይገፉ ቀርተዋል። አባቴና የያኔዎቹ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። ይኼን ሁሉ ዕድሜዬን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

"የስፌት መኪናዋ ናት አሉኝ" አለች። እናቴ በወጣትነቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ይኼን አውቃለሁ። ለምን እንደተወችው ግን ጠይቄ አላውቅም። "እግርሽ ቀኑን ሙሉ ፔዳል እየረገጠ ሆድሽ ምን ይያዝ አሉኝ። አመንኩ። አንተን ስይዝ መኪናዋን ሸጥኳት። አንተ በሰላም ስትወለድ፣ በቃ እውነታቸውን ነበር አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ሲወርዱ ደግሞ... ምን ሸጬ ላቆያቸው?"

ባለቤቴን ያኔ ለምን እንደዚያ እንዳለቻት አሁን ነው የገባኝ። ክፋት አልነበረም። ያላትን እውቀት ነበር ያካፈለቻት።

"እስቲ ያቺ ሐኪም ያለችህን እንደገና ንገረኝ። ቀስ ብለህ።"

ሁለት ጣቶቼን አጣብቄ አሳየኋት። ሲለያዩ እንዴት እንደሚጓተቱ፣ አንዱ እንዴት እንደሚጎድለው። ጣቶቼን ትክ ብላ አየቻቸው።

"የኔም ደም ይታይ።"

"አሁን ምን ያደርግልሻል እማዬ?"

"ምን አገባህ! ደሙ የኔ ነው።"

ኅዳር 13

እናቴን ይዘናት ሄድን። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ወጣት ባልና ሚስት። ነርሷ ግራ ገብቷት "እማማ፣ እርስዎ ለምን ነበር የመጡት?" አለቻት።

"ለእርግዝና" አለች እናቴ፣ ኮስተር ብላ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቅድም አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲያይ የነበረ አንድ ባል ሳቁ ሲያቅተው አየሁት። ጥሩ ሴት ናት እናቴ።

ታኅሣሥ 9

እሷም አርባ አምስት ናት።

ዶክተሯ በጥንቃቄ ነው የነገረቻት፣ ትሰበራለች ብላ። "ልጅዎ የወረሰው ከእርስዎ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም። እርስዎም ከወላጆችዎ ወርሰውት ይሆናል።" እናቴ ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት።

"የስፌት መኪናዋስ?"

"ምንም አላደረገችም፣ እማማ።"

"ፔዳሏም?"

"ፔዳሏም።"

አላለቀሰችም። ሻርፗን አስተካከለች። "ጥሩ መኪና ነበረች" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። የባለቤቴን ክንድ ያዘች።

"ያኔ ሥራሽን ተይ ያልኩሽ..."

"ይተዉት እማዬ፣ አልፏል።"

"አልተወውም። ሳላውቅ ነው የፈረድኩብሽ። ራሴም ላይ እንደዚያው ፈርጄ ኖርኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ባለቤቴ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፣ ሰው ግራና ቀኝ እያለፋቸው። እኔ የምይዘው ቦታ አጥቼ የሁለቱንም ቦርሳ ይዤ ቆምኩ።

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። "በይ አሁን ንጂ፣ ቤቴ አድርሺኝ። ቀስ እንዳትዪ።"

ጥር 3

ጀመርን። ባለቤቴ እንቁላል እንዲበዛላት በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ ትወጋለች። ወጊው እኔ ነኝ።

ደክሟታል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ሥራዋን ግን አልተወችም። ያ የቆሻሻ ገንዳ የሳመው ተማሪ ፈተናውን አለፈ! ደውሎ አለቀሰባት። እሷም አብራው።

ጥር 18

እንቁላሎቹ ባለፈው ሳምንት ወጡ። የኔን ጥቂቶች አንድ በአንድ መርጠው አስገቡ። አራት ፅንስ እስከሚፈለገው ቀን አደጉ። ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ሴል ወስደው ለምርመራ ልከዋል፤ ፅንሶቹ ራሳቸው በረዶ ውስጥ ይቆያሉ። የኔ ክሮሞዞም ቀድሞ ባይታወቅ ኖሮ ፅንሶቹ ውስጥ ምን እንደሚፈልጉ እንኳ አያውቁም ነበር አለች ዶክተሯ። እኔ ነኝ እኮ ያኔ "ዝም ብለን እንጀምር" ያልኩት...

አራት። እናቴ ለአራቱም ስም ልታወጣላቸው ነው። ከለከልኳት።

የካቲት 5

ሦስቱ አይሆኑም። የተረፋቸው፣ የጎደላቸው... ብናስገባቸው ኖሮ የማይቆዩ። እንደዚያኛው። ባለቤቴ ጭኔን ጨብጣ ያዘችው።

"አንዱ ግን ጤነኛ ነው" አለች ዶክተሯ።

"አንድ ይበቃል!"

"እንዳንተ ነው። አርባ አምስት። ጤነኛ ሆኖ ያድጋል፣ ምንም አይሆንም። ልጅ መውለድ ሲያምረው ግን እናንተ የመጣችሁበትን መንገድ ሊመጣ ይችላል። ወይም ደግሞ ሌላ ዙር ሞክረን፣ ጨርሶ ያልተጣበቀበት ፅንስ እንፈልጋለን። ሁለቱም ይቻላል። የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።"

እናስብበት ብለን ወጣን።

የካቲት 7

ቀኑን ሙሉ ሞተር ክፍል ውስጥ ሳስብ ዋልኩ። አውቄ ላወርሰው ነው? ነገ አድጎ "አባዬ፣ እያወቅክ?" ቢለኝስ?

ግን ደግሞ... እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን፣ አንተ አርባ አምስት ነህ፣ ትምጣ ወይስ ትቅር ቢሉኝ? ጥያቄ ነው እንዴ! እመጣለሁ ነዋ። ሮጬ ነው የምመጣው። እናቴስ? እናቴ መቅረት ነበረባት?

ባለቤቴ የማስተማሪያ መኪናዋን እያጠበች ነበር። ስፖንጁን ተቀብዬ ሌላውን ጎን ያዝኩ።

"ምን አሰብሽ?"

"ባል ስመርጥ ክሮሞዞም አልቆጠርኩም" አለች፣ መስታወቱን እየፈተገች። "አንዱን አርባ አምስት ቤቴ አስገብቼ፣ ሌላውን አንተ አትሆነኝም ብዬ ደጅ ልመልሰው?"

"እና ልደውልላት?"

"አንድ ነገር ግን። ገና በልጅነቱ እንነግረዋለን። ሲጨንቀው በራሱ ላይ ሰበብ ሲፈልግ እንዳይኖር። እኔ ይበቃኛል። እናትህም ይበቃታል።"

እጄን በሱሪዬ አድርቄ ደወልኩ።

የካቲት 27

ገባ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ አለች። ይኼው ነው። ባለቤቴ "ሊፍቱ ደረሰ" አለች፣ ሐኪሞቹ እንዳታስቃቸው ለመኗት።

መጋቢት 9

ይዟል!!

ሚያዝያ 2

የልብ ምት ሰማን። ምን ያስቸኩለዋል እንዲህ? ፈረስ ነው የሚመስለው። ለእናቴ በስልክ አሰማኋት። "ዝም በል፣ አታውራበት" አለችኝ፣ እኔ ምንም ሳልናገር።

ሐምሌ 20

ያኛው የወረደበትን ወር ካለፍን ቆየ። የዛሬው አልትራሳውንድ ሁሉ ነገር በቦታው ነው ይላል። ሴት ልጅ ናት።

ባለቤቴ አሁንም ታስተምራለች፤ ሆዷ እስኪከለክላት ድረስ እቀጥላለሁ ብላለች። ዛሬ ከእናቴ ጋር መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አግኝተው "እርጉዝ ሆነሽ መኪና ላይ? ኧረ ተይ!" ብትል፣ እናቴ መለሰችላት አሉ። ምን እንዳለቻት ሁለቱም አይነግሩኝም። ይስቃሉ።

ኅዳር 25

ሁለት ሳምንት ሆናት ልጄ። ገጾቹ ባዶ የቀሩት መጻፊያ ጊዜ ስላልነበረኝ ነው። በሰላም ተወለደች። ጸጉራም ናት። ስታዛጋ ቤቱ ሁሉ ያዛጋል።

ዛሬ የእናቴ ጎረቤት ልትጠይቀን መጣች። ሕፃኗን አየች፣ መረቀች፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠግታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሴት ልጇ ለሦስተኛ ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። "ምን እንደነካት እንጃ፣ ከባድ ነገር ታነሣለች መሰለኝ..."

"ከባድ ነገር አይደለም!" አለች እናቴ። ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች። እናቴ ድምጿን አልቀነሰችም። "ደሟ ይታይ። የባልየውም ይታይ። እኔን እዪኝ፣ ከአምስቱ በኋላ ነው ያወቅኩት። በይ የልጄን ስልክ ቁጥር ውሰጂ፣ አማችሽ ይደውልለት።"

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ ወለሉን አየች። ሰጠኋት።

ከሰዓት ሥራ ላይ፣ ከባትሪና ከሕንፃው ዘበኞች ጋር ቆመን ሳለ ስልኬ ጠራ። የጎረቤቷ አማች። ድምፁን ዝቅ አድርጓል። "ይቅርታ... ሰው አጠገብህ አለ? ሰው ከሌለ ነው የምጠይቅህ..."

"አለ፣ ብዙ ሰው አለ" አልኩት። "ጠይቀኝ።"

ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመረ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም መለስኩለት፤ ዘሩን፣ ደሙን፣ የተጣበቁትን ሁለቱን። አንዱ ዘበኛ መጀመሪያ ዞር አለ፣ ኋላ ተጠግቶ ማዳመጥ ያዘ። ባትሪ በጎን "ነጭ ሽንኩርቱንም ንገረው" ይለኛል።

ሐሙስ ክሊኒክ አብሬው ልሄድ ተቀጣጥረናል። ብቻውን መግባት ከብዶታል።

ነቃች። ላንሣት።